ትይዩ መስመሮችና አቋራጭ

'''ትይዩ መስመሮች''' በአንድ ጠለል ላይ ሆነው የቱንም ያህል ቢረዝሙ የማይገናኙ ቀጥታ መስመሮች ናቸው። ሁለቱን የሚያቋርጥ ቀጥታ መስመር '''አቋራጭ''' ይባላል፤ በመገናኛዎቹም 8 ማዕዘኖች ይፈጠራሉ፦

* ተጓዳኝ ማዕዘኖች (በየመገናኛው ተመሳሳይ ቦታ ያሉት) እኩል ናቸው።
* ፍርርቅ ውስጣዊ ማዕዘኖች (በመስመሮቹ መካከል፣ በየመገናኛው ከአቋራጩ ግራና ቀኝ ያሉት) እኩል ናቸው።
* በአቋራጩ አንድ ወገን ያሉት ሁለት ውስጣዊ ማዕዘኖች ድምር 180° ነው።

ስለዚህ አንዱ 70° ከሆነ፣ አራቱ 70°፣ አራቱ 110° ይሆናሉ።

== ጥቅም ==

ኤራቶስቴነስ በ3ኛው ክፍለ ዘመን ዓክልበ. የምድርን ዙሪያ ያሰላው በዚህ ሕግ ነው። የፀሐይ ጨረሮችን እንደ ትይዩ ወሰደ። ፀሐይ በአስዋን አናት ላይ በሆነችበት ቀትር፣ በእስክንድርያ ቀጥ ብሎ በቆመ ዘንግና በጨረሩ መካከል ያለው ማዕዘን 7.2° ያህል ነበር። ዘንጉ እስከ ምድር እምብርት ቢቀጥል አቋራጭ ይሆናል፤ በእምብርቱ ያለው ፍርርቅ ማዕዘንም 7.2°፣ ማለትም የ360° 1/50ኛ ነው። የከተሞቹ ርቀት በ50 ሲባዛ የምድር ዙሪያ ይገኛል።