ከአኩፋዳ እስከ ሰንበት ትምህርት ቤት

ድሮ አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በሃይማኖቱ እንዲጸና ሲፈለግ ምክሩ ከሥራ ጋር ነበር የሚሰጠው። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ዘመድ ከማያውቅበት አገር ይገባል። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ደጅ ለደጅ ይለምናል፤ ከውሻ ጋር ይታገላል፤ ያገኘውን ቁራሽ ከባልንጀሮቹ ጋር ይቋደሳል። ለየኔታ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ማታ ታናሹን ያስቀጽላል። ቅኔ ፍለጋ ዋሸራ፣ ድጓ ለማስመስከር ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ዙር አባ ይዘልቃል። ትዕግሥትም ትሕትናም የሚገባው በዚሁ መንገድ ላይ ነው።

ይህ መንገድ ግን የወንድ ልጅ ነበር። የጎጃሟ የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይናቸው ባያይም ከአባታቸው ተምረው ወንበር ዘርግተዋል፤ ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሳውም እንደሳቸው ያለች ሴት ብርቅ ስለነበረች ነው። እናቴና አያቴ ከጾሙና ከስግደቱ አልጎደሉም፤ ቁጭ አድርጎ ያስተማራቸው ግን አልነበረም።

ከጠላት ወረራ በኋላ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲበዛ የከተማው ወንድ ልጅም ከየኔታ ራቀ። ፊዚክስና እንግሊዝኛ የሚያጠና ተማሪ ደበሎ አይለብስም። ቤተ ክርስቲያን ይህን ልጅ በትርፍ ሰዓቱ፣ ደብተሩን እንደያዘ ልትቀበለው ግድ ሆነባት። በአዲስ አበባ በምስካየ ኅዙናን መድኃኔ ዓለም ተምሮ ማስተማር፣ በዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች መካከል ደግሞ ሃይማኖተ አበው የተባሉት ማኅበራት የተነሡት ለዚህ ነው። በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ የተባለው የቤተ ክርስቲያን መተዳደሪያ ደንብ ወጥቶ ሰበካ ጉባኤ በየአጥቢያው ተደራጀ።

ብዙ ሳይቆይ ደርግ መጣ። በ1967 የገጠር መሬት ሲወረስ ቤተ ክርስቲያን ርስቷን አጣች፤ ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ከመንበራቸው ተነሡ፣ በ1971 ተገደሉ። ያኔ ወጣቱ ከቤተ ክርስቲያን ይሸሻል ብሎ የገመተ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም ነበር።

እኔ ሰንበት ተማሪ የሆንኩት በዚያው ዘመን፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። የቀበሌያችን የወጣቶች ስብሰባ እሑድ ጠዋት ይጠራል። እኛ ሌሊት ለኪዳን ተነሥተን፣ አስቀድሰን፣ ነጠላችንን አጣጥፈን በቦርሳ ከትተን እየሮጥን እንደርሳለን። ያረፈደ ሰው ተነሥቶ ይገሠጻል። ተገሥጸንም በሳምንቱ ኪዳን ላይ እንገኝ ነበር።

ያቆየን ምን እንደሆነ አሁን ሳስበው፣ ሁላችንም የምንፈለግበት ሥራ ነበረን። የታተመ የመዝሙር መጽሐፍ እንደ ልብ ስለማይገኝ ጽሕፈቷ ያማረ ልጅ ለአዲስ ገቢዎች በደብተር ትገለብጣለች። ሌላው ከበሮ ይጠብቃል። በንግሥ ዕለት ዳቦና ንፍሮ እናድላለን፤ የታመሙ አረጋውያንን ቤት ተራ ገብተን እናጸዳለን። ሴቶችም ከወንዶቹ እኩል ተነሥተን ጥቅስ እናነባለን፣ ጥያቄ እንጠይቃለን። ለአያቴ ይህ ተአምር ነበር።

አስተማሪያችን ቀን ቢሮ የሚውል ዲያቆን ነበር። በዐቢይ ጾም አንድ እሑድ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾማችንን እየተፎካከርን ስናወራ ሰማንና «ጾሙን እናንተ ጾማችሁ፤ ሽሮውን ግን እናቶቻችሁ ሠሩት። ድስቱን ማን ሊያጥበው ነው?» አለን። ስለ ጾም ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ ወንዶቹን ልጆች ማጀት ያስገባ ግን ያ ብቻ ነው።

በዝዋይ ደግሞ ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ጎርጎርዮስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ክረምት ክረምት እየሰበሰቡ ያስተምሩ ነበር። ብፁዕነታቸው በ1982 በመኪና አደጋ ቢያርፉም ዘራቸው በቅሏል፤ ማኅበረ ቅዱሳን በ1984 ሲመሠረት ከመሥራቾቹ መካከል የዝዋይ ተማሪዎች ነበሩበት።

ዛሬ በስልኩ ስብከት የማያገኝ ልጅ የለም፤ ምክር ሞልቷል። ወላጆች «ልጆቹ ራቁ» እያሉ ያማርራሉ፤ እኔ ግን ልጁን ከመጠየቃችን በፊት በአጥቢያው ምን ሥራ እንደሰጠነው ራሳችንን መጠየቅ አለብን ባይ ነኝ። ቃለ ዓዋዲው በሰበካ ጉባኤ ውስጥ ከካህናትና ከምእመናን ጋር ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች መቀመጫ ሰጥቷል። የሰበካ ጉባኤ አባላት ሆይ፣ ያን መቀመጫ ለስም አታድርጉት፤ መዝገብ አስይዟቸው፣ ሕመምተኛ አስጠይቋቸው፣ ታናናሾቻቸውን ያስተምሩ።