ከላንጋኖ ዳር እስከ ሐረሩ በር

ላንጋኖ የሄድነው ታሪክ ፍለጋ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር የሄድነው ለመዋኘት ነው። ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች መካከል ያለ ቢልሃርዚያ ስጋት የሚዋኙበት ላንጋኖ ነው ሲባል እየሰማን አድገናል። ውሃው ግን ቡናማ ነው፤ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። ዳር ቆመን ጥቂት አመነታን። ከዚያ ገባን፤ ዋኘን፤ ፀሐይ አቃጠለችን፤ ማታ እሳት አንድደን ተቀመጥን።

እሳቱ ዳር ነው ከመካከላችን አንዷ «ነገ ለምን ሻሸመኔ ደርሰን አንመለስም? ጃማይካ ሰፈርን እንይ» ያለችው። «ምናቸውን ልናይ? ፀጉራቸውን?» አለ ሌላው። ሳቅን። ሁላችንም ነው የሳቅነው፤ ጥፋተኛ መለየት አያስፈልግም። እንግዲህ ይህን ጽሑፍ የዚያ ሳቅ ንስሐ አድርጋችሁ ውሰዱልን።

ሻሸመኔ ከላንጋኖ ሩቅ አይደለም። አርሲ ነጌሌን አልፋችሁ ወደ ከተማው ስትጠጉ ከዋናው መንገድ ግራና ቀኝ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የተቀቡ አጥሮች ብቅ ብቅ ይላሉ። ጃማይካ ሰፈር ያ ነው። መቼም ታሪኩን ሁላችንም በጥቂቱ እናውቀዋለን። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ በአሜሪካና በካሪቢያን ያሉ ጥቁሮች ለኢትዮጵያ ጮኸዋል፣ ገንዘብ አዋጥተዋል። ዶክተር መላኩ በያን እ.ኤ.አ. በ1937 ኒውዮርክ ላይ ኢትዮጵያን ዎርልድ ፌዴሬሽንን ያቋቋሙት ይህን ድጋፍ ለማሰባሰብ ነበር። ከነፃነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1948፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በዚሁ ማኅበር በኩል አምስት ጋሻ መሬት ሰጡ፤ በዛሬው ልኬት 200 ሄክታር ገደማ መሆኑ ነው። ንጉሡ በሚያዝያ 1958 ዓ.ም. ጃማይካን ከጎበኙ በኋላ የራስተፈሪያን መምጣት በረታ። በ1967 የደርግ የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ ያ መሬት እንደ ሌላው ሁሉ ተወረሰ።

እዚህ ድረስ የምናውቀው ነው። የማናውቀውን የነገሩን በራፋቸው ላይ ወንበር ዘርግተው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው። «አባባ፣ እንደምን አደሩ?» አልናቸው። በተሰባበረ ግን በሚጣፍጥ አማርኛ መለሱልን። ጨዋታ ተጀመረ። «ልጆች፣ የመጀመሪያው ሰባኪያችን ማን እንደነበረ ታውቃላችሁ?» ሲሉን በሙሉ ልብ «ማርከስ ጋርቬይ!» አልን። አሁን መሳቅ የእሳቸው ተራ ሆነ።

ጋርቬይ የጥቁሮችን ኩራት የሰበከ ታላቅ ሰው እንጂ ራስተፈሪያን አልነበረም። የሽማግሌው መልስ ሊዮናርድ ሐውል ነው። ሐውል እ.ኤ.አ. በ1898 ጃማይካ ተወለደ፤ አሜሪካ ኖሮ ተመለሰ። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. የተቀባው የኢትዮጵያ ንጉሥ መለኮት መሆኑን እየሰበከ፣ የንጉሡን ፎቶግራፍ ለተከታዮቹ መሸጥ ጀመረ። የእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች እ.ኤ.አ. በ1934 በአድማ ቀስቃሽነት ከሰው ሁለት ዓመት ፈረዱበት። በ1935 ስለዚሁ እምነት አንድ ትንሽ መጽሐፍ ወጣ። ደራሲው ራሱ ሐውል ነው፤ የታተመው ግን በሌላ ስም ነው። ስሙን አባባ ሁለት ጊዜ ደጋግመው ነገሩን፦ ጋንጉንጉሩ ማራግ።

ጉሩ? ማራግ? ይሄማ የህንድ ፊልም ስም ነው! ብዙ የራስተፈሪ ታሪክ አጥኚዎች ስሙን የሚፈቱት ከሂንዲ ነው፤ ጥበብን፣ በጎነትን፣ መምህርንና «ማሃራጅ»ን፣ ማለትም ታላቅ ንጉሥን የሚያመለክቱ ቃላት ተቀጣጥለው የተሠራ ነው ይላሉ። ታዲያ አንድ ጥቁር ጃማይካዊ የኢትዮጵያን ንጉሥ ለመስበክ የህንድ መንፈሳዊ መምህር ስም ለራሱ ያወጣው ምን ነክቶት ነው?

መልሱ ስኳር ነው። በእንግሊዝ ግዛቶች ባርነት ከቀረ በኋላ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ሠራተኛ አጡ። እንግሊዞች ከህንድ ሰዎችን በኮንትራት አስፈርመው ማጓጓዝ ያዙ። የመጀመሪያዎቹ ጃማይካ የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1845 ነው፤ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ከ36 ሺህ በላይ ገቡ። አብዛኞቹ ሂንዱዎች ነበሩ። ከነፃ ወጡት ባሪያዎች ልጆች ጋር በአንድ ማሳ ዋሉ። «ጋንጃ» የሚለው ቃል ራሱ የህንድ ነው። ሥጋ ያለመብላቱንና የተገመደውን ፀጉር ከሂንዱ መናንያን ጋር የሚያያይዙ ምሁራን አሉ፤ ፀጉሩን ከኬንያ ማው ማው ተዋጊዎች የሚያመጡትም አሉ። (የእኛዎቹ ባህታውያንስ? እኛ ይህን ስንጠይቅ አባባ ፈገግ ብለው ዝም አሉ።)

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ «አይ የዓለም ነገር!» ብለን ወደ ላንጋኖ በተመለስን ነበር። ግን ከመካከላችን አንዷ ስልኳን አውጥታ ባለፈው ዓመት ሐረር ሄደን ያነሳናቸውን ፎቶዎች ታገላብጥ ጀመር። «ቆይ፣ ቆይ… ይህን በር ታስታውሳላችሁ?»

በጀጎል ውስጥ የራስ ተፈሪ ቤት የሚባል አሮጌ ባለ ፎቅ ቤት አለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ገደማ ያሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ነው። ወጣቱ ደጃዝማች ተፈሪ የሐረር ገዥ ሳሉ፣ በ1903 ዓ.ም. ወይዘሮ መነንን ሲያገቡ የጫጉላ ጊዜያቸውን ያሳለፉት እዚህ ነው ይባላል። በኋላ ለብዙ ዓመታት በባህል ሕክምናቸው የታወቁ አንድ ሼህ ከነቤተሰባቸው ኖረውበታል። እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ ደግሞ የአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም ሆነ። እኚህ ሰው የሐረርን ቅርስ በግላቸው ሲያሰባስቡ የኖሩ ናቸው፤ የእጅ ጽሑፍ ቁርኣኖች፣ ሳንቲሞች፣ ጎራዴዎች፣ ጌጣጌጦች፣ የቆዩ የሙዚቃ ቅጂዎች። እኛም ያን ቀን የተሻማነው እነዚህን ለማየት ነበር፤ በሩን የጀርባ ማስዋቢያ አድርገን ፎቶ ተነሣንበትና አለፍን።

አሁን ፎቶውን ስናሰፋው ከበሩ በላይ በእንጨቱ ላይ ተቀርጾ የተቀመጠው ጋኔሽ ነው፤ ባለ ዝሆን ራሱ የሂንዱዎች አምላክ። ጋኔሽ እንቅፋት አንሺ ነው። ሂንዱ ነጋዴ ሱቅ ሲከፍት፣ ቤት ሲያስመርቅ፣ መንገድ ሲጀምር መጀመሪያ የሚጠራው እሱን ነው። ቦታውም ደጃፍ ላይ ነው፤ የገባ የወጣው ሁሉ በሥሩ እንዲያልፍ።

አስቡት እስቲ። ሐውል በጃማይካ የህንድ መምህር ስም ይዞ «ራስ ተፈሪ» ብሎ ከመስበኩ ከ20 ዓመት በፊት፣ ራሳቸው ተፈሪ በሙሽርነታቸው በህንዶች አምላክ ሥር ይገቡ ይወጡ ነበር። አንዱ ስለ ሌላው የሚያውቀው ነገር የለም፤ ምሥጢር አለበት ለማለትም አይደለም። ያገናኛቸው ንግድና ስኳር ነው፤ ከአገራቸው ወጥተው ሌላ አገር የደረሱ ተራ ሰዎች ናቸው። በሐረሩ ቤት ህንዱ ገነባ፣ ክርስቲያኑ ተሞሸረበት፣ ሙስሊሙ ፈወሰበት፣ ሐረሪው ቅርስ አኖረበት። ማንም ጋኔሹን ፍቆ አላነሳውም።

ይህን ለአባባ አሳየናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። «በሩን አልዘጉትም» አሉ በመጨረሻ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባን ዘግይቶ ነው። በሻሸመኔ ተወልደው፣ አማርኛና ኦሮምኛ አፋቸውን ፈትተው ያደጉ የራስተፈሪያን ልጆች ለዓመታት መታወቂያ አልነበራቸውም። መንግሥት መታወቂያ እንደሚሰጣቸው ያስታወቀው በ2009 ዓ.ም. ነው፤ መሬቱ ከተሰጠ ወደ 70 ዓመት ሊሞላው ሲል። ያለ ቪዛ ለመኖር ያስችላል፤ ዜግነት ግን አይደለም፤ አያስመርጥም። እኛ «ፀጉራቸውን ልናይ?» ብለን የሳቅንባቸው ሰዎች አገራችንን እኛ ሳንወለድ የመረጡ ናቸው። እኛማ ምን መርጠን? ተወልደንባት ነው።

ወደ ላንጋኖ ስንመለስ መኪናው ውስጥ ጸጥታ ነበር። ያ «ፀጉራቸውን?» ያለው ወዳጃችን አርሲ ነጌሌ ላይ ድንገት «ሐረር እንደገና እንሂድ» አለ። «ምን ልናይ?» አልነው። «በሩን» አለ።

እናንተም ሐረር ከሄዳችሁ ወደ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ቀና በሉ። ላንጋኖ ከሄዳችሁ ደግሞ ዋናችሁን ጨርሱና መንገዱን ትንሽ ግፉበት።