ሳይሮጥ 16 ሚሊዮን ዶላር የተከፈለበት ፈረስ

ከፌርፋክስ ወደ ደቡብ ወረድ ስንል፣ ዛሬ ሶፋይ ስታዲየም የቆመበት ኢንግልዉድ ቀድሞ ሆሊዉድ ፓርክ የሚባል የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ነበር። “ዘ ግሪን መንኪ” የመጨረሻ ውድድሩን ያደረገው እዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ፍሎሪዳ ውስጥ ለጨረታ ሲቀርብ ገና የ2 ዓመት ውርንጭላ ነው፤ አንድም ውድድር አልሮጠም። ለገዢዎች በተዘጋጀው ሙከራ ግን 200 ሜትር ገደማ በ9.8 ሰከንድ በረረ። ሁለት ባለጸጋ ተጫራቾች እልህ ተጋቡ፣ ዋጋው 16 ሚሊዮን ገባ። በ200 ሜትር ትንፋሽ ይለካል እንዴ? 3 ጊዜ ሮጦ አንዴም አላሸነፈም፤ ጠቅላላ ያገኘው 10,440 ዶላር ነው።

በ1983 በ10.2 ሚሊዮን የተገዛው ስናፊ ዳንሰርማ ጭራሽ አልተወዳደረም። በ1977 ትሪፕል ክራውንን የጠቀለለው ሲያትል ስሉ ደግሞ የተገዛው በ17,500 ዶላር ነበር!

የፈረስ ድርሻ ልግዛ ለሚል ወገን፦ የቀለቡ፣ የአሰልጣኙና የሐኪሙ ሂሳብ ፈረሱ ባይሮጥም በየወሩ ይመጣል።