ስለ ስሒት፤ የንጉሡ ጦርና የቅዱስ ያሬድ እግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ምእመናን ሆይ፤ ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር በሊቃውንት አነጋገር ስሒት ይባላል። ስሒት ማለት ሰው አስቦና ቈርጦ የሚሠራው በደል ያይደለ፣ ሳያውቀው ከእጁ ወይም ከአንደበቱ የሚያመልጥ፣ ከሆነ በኋላ የሚያውቀው፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ ዕለተ ሞቱ የማያውቀው በደል ነው። በዚህ ነገር ሁለት ዓይነት ሰዎች ወደ ካህናት ሲመጡ እናያለን። አንደኛው «እግዚአብሔር ልቤን ያውቃል፤ አስቤ አላደረግሁትም፤ ስለዚህ የምናዘዘው የለኝም» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ መኪና ሲነዳ ሳያስበው ሕፃን የገደለ፣ ወይም እንጨት ሲፈልጥ ወንድሙን ያቈሰለ፣ ወይም ለበሽተኛ የማይስማማውን መድኃኒት የሰጠ ሆኖ፣ እንቅልፍ አጥቶና ከቍርባን ርቆ «እኔ ነፍሰ ገዳይ ነኝ» እያለ በኀዘን የሚቃጠል ነው። ከሁለቱ የትኛው ነው እውነት የያዘው? ይህን ለመመርመር ከአገራችን ታሪክ እንጀምራለን።

በጋይንት ምድር፣ ዛሬ ደቡብ ጎንደር በሚባለው አገር፣ ቤተ ልሔም የምትባል ጥንታዊት ደብር አለች። ቆማም፣ አጫብርም፣ ተጉለትም የየራሳቸው ይትበሃል ያላቸው ታላላቅ የዜማ ወገኖች ናቸው፤ የድጓ ማስመስከሪያ ሲባል ግን በሊቃውንት አፍ ቀድማ የምትጠራው ቤተ ልሔም ናት። የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆነችው ዙር አባም በዚያው በጋይንት ናት፤ ቅዱስ ያሬድ ከንጉሡ ከገብረ መስቀል ጋር ወደዚያ እንደ መጣ ያገሩ ትውፊት ይናገራል።

ደቀ መዝሙሩ ለዓመታት ቍራሽ እየለመነ፣ ደበሎ ለብሶ በጎጆ እየኖረ ድጓውን ያጠናል። ይዘቱን፣ ድፋቱን፣ ቅናቱን፣ ጭረቱን፣ ርክርኩን አንድ በአንድ ለይቶ ማወቅ አለበት። እነዚህ ምልክቶች በግራኝ ጊዜ ብዙ መጻሕፍት ከጠፉ በኋላ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (1533–1551 ዓ.ም.) በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እጅ ሥርዓት እንደ ተሰጣቸው በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። እንግዲህ ተማሪው በመምህሩ ፊት ቆሞ ሲያዜም አንዲት ምልክት ቢስት፣ «ሳላስበው ነው» ማለቱ ምልክቷን አያስተውለትም፤ መምህሩ ያርመዋል፤ እርሱም ተመልሶ ያዜማል። ስለ ሳተ አይባረርም፤ ስላላሰበው ግን አይታለፍለትም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ይህ ተማሪ ነገ ተመስክሮለት ወደ ሸዋ ወይም ወደ ትግራይ ወይም ወደ ወሎ ሄዶ ጉባኤ ይዘረጋል፤ የእርሱ ስሕተት የመቶ ሰው ስሕተት ይሆናል።

ይህንኑ ነገር ኦሪት ዘሌዋውያን ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ሠርቶታል። በአራተኛው ምዕራፍ ሳያውቁ ለሚሠሩት ኃጢአት የሚቀርበው መሥዋዕት በየማዕርጉ ተለይቶ ተጽፏል። የተቀባው ካህን ቢስት ወይፈን ያቀርባል፤ የእስራኤል ማኅበር ሁሉ ቢስት የሚያቀርበው እንዲሁ ወይፈን ነው። አለቃ ቢስት ተባዕት ፍየል፣ ከሕዝቡ አንዱ ቢስት እንስት ፍየል ወይም እንስት በግ ያቀርባል። አንዱ ካህን ከማኅበሩ ሁሉ ጋር በሚዛን መተካከሉ የሚያስደንቅ ነው፤ ነገር ግን ስሕተቱ ሕዝቡን በደለኛ እንደሚያደርግ መጽሐፉ ራሱ ስለ ተናገረ ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። በአምስተኛውም ምዕራፍ በግ ለመግዛት እጁ ያጠረው ድኃ ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት ርግብ፣ እርሱንም ያጣ ጥቂት ዱቄት እንዲያመጣ ታዝዟል። ድኃ ስለ ሆነ ከመሥዋዕት ነጻ አልተባለም፤ ስለ ድኅነቱም ከይቅርታ አልተከለከለም።

ኦሪት ዘኍልቍ ደግሞ በአሥራ አምስተኛው ምዕራፍ ሌላ ወሰን ያኖራል። ሳያውቅ የበደለ ሰው፣ ያገር ልጅም ቢሆን መጻተኛም ቢሆን፣ ካህኑ ያስተሰርይለታል፤ በትዕቢት እጁን አንሥቶ የእግዚአብሔርን ቃል የናቀ ግን ከሕዝቡ መካከል ተለይቶ ይጠፋል። እንግዲህ ዐውቆ መበደልና ሳያውቁ መበደል በእግዚአብሔር ዘንድ አንድ አይደሉም፤ ሁለቱም ግን በእግዚአብሔር ፊት የሚቀርቡ ናቸው።

አሁን ወደ ቅዱስ ያሬድ ታሪክ እንመለስ። ስንክሳር ግንቦት 11 ቀን እንደሚተርከው፣ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም ቅዱስ ያሬድ በንጉሡ በገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲያዜም፣ ንጉሡ በዜማው ጣዕም ልቡ ተመስጦ ሳለ የጦሩን ጫፍ በያሬድ እግር ላይ ተከለው፤ ደሙም ፈሰሰ። ንጉሡ አላወቀም፤ ያሬድም ዜማውን እስኪፈጽም ድረስ ሕመሙ አልተሰማውም። ሠዓልያን ይህን ነገር ስለሚወዱት በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ይታያል፤ ያሬድ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ፣ ከእግሩ ደም እየወረደ። ብዙዎቻችንም ሥዕሉን አይተን የዜማው ጣዕም እንዴት ያለ ቢሆን ነው ብለን አድንቀን እናልፋለን። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን የሚያስተውል ጥቂት ነው።

ንጉሡ ባየ ጊዜ ደነገጠ፤ ጦሩንም ነቀለ። ከዚህ በኋላ ብዙ ሊል ይችል ነበር። ንጉሥ ነውና ማንም አይጠይቀውም፤ አላሰበውምና ማንም አይፈርድበትም፤ ተጐጂውም ራሱ አላጕረመረመም። እርሱ ግን «አላወቅሁም» ብሎ ነገሩን አልዘጋም። ስለ ፈሰሰው ደምህ ዋጋ የምትሻውን ለምነኝ አለው። ያሬድም እንዳይከለክለው አስቀድሞ አስማለውና፣ ዓለምን ትቼ ወደ ምናኔ እሄድ ዘንድ አሰናብተኝ አለ። ንጉሡም መኳንንቱም እጅግ አዘኑ፤ ነገር ግን መሐላው ስለ ነበረ አሰናበተው። ያሬድም በታቦተ ጽዮን ፊት ቆሞ እመቤታችንን ካመሰገነ በኋላ፣ እርሱም አንቀጸ ብርሃን የተባለው ነው፣ ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ።

በእኛ አስተያየት ከዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ነገር የንጉሡ ጥያቄ ነው። ስንክሳሩ ንጉሡን ኃጢአተኛ ነው አይለውም፤ ንጹሕ ነው ብሎም አያሰናብተውም፤ ካሣ ሲከፍል ያሳየናል እንጂ። የከፈለውም ከወርቅና ከጉልት ይበልጥ የሚወደውን፣ ልቡን የመሰጠውን ያንኑ ድምፅ ነው። ያሬድም ቂም አልያዘም፤ ደሙን ለበቀል ሳይሆን ለምናኔ መሄጃ አደረገው።

ይህን የሚመስል በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 20 አለ። የጌራራ ንጉሥ አቤሜሌክ ሣራን የአብርሃም እኅት መስላው ወሰዳት። እግዚአብሔርም በሕልም ተገልጾ በልብህ ቅንነት እንዳደረግኸው ዐውቃለሁ፣ እንዳትበድልም የጠበቅሁህ እኔ ነኝ ካለው በኋላ፣ ሴቲቱን ባትመልስ ግን ትሞታለህ አለው። ቅንነቱ ተመስክሮለታል፤ መመለሱም ግዴታ ሆኖበታል። አቤሜሌክም ሣራን መለሰ፤ በጎችን፣ ላሞችንና ባሮችን ሰጠ፤ አንድ ሺህ ብርም ጨመረ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሰው ነፍስ የጠፋበት ስሒት ነው። ኦሪት ዘዳግም በአሥራ ዘጠነኛው ምዕራፍ ምሳሌውን ከገበሬ ኑሮ ያመጣል፤ ሁለት ባልንጀሮች እንጨት ሊቈርጡ ወደ ዱር ሄዱ፤ ምሳሩ ከእጀታው ወልቆ አንዱን ገደለው። ያገራችን ሰው ሁሉ ምሳር የያዘ ስለ ሆነ ይህን ለማስረዳት ትርጓሜ አያስፈልገውም። ለእንዲህ ያለው ሰው ስድስት የመማፀኛ ከተሞች ተለዩለት፤ በዮርዳኖስ ወዲህ ቃዴስ፣ ሴኬምና ኬብሮን፤ በዮርዳኖስ ማዶ ቦሶር፣ ራሞትና ጎላን። የሸሸው ሰው በከተማው በር ቆሞ ነገሩን ለሽማግሌዎች ይናገራል፤ ማኅበሩም በእርሱና በደም መላሹ መካከል ይፈርዳል፤ ጠላትነት እንዳልነበረውና እንዳላደባ ከታወቀ ይድናል። ቢሆንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ በዚያ ከተማ ይቀመጣል፤ ከወሰኑ ቢወጣና ደም መላሹ ቢገድለው ደሙ አይጠየቅም። አባቶቻችን የዚያን ሊቀ ካህናት ሞት ለእውነተኛው ሊቀ ካህናት ለክርስቶስ ሞት ምሳሌ አድርገው ተርጕመውታል፤ በሞቱ ስደተኛው ሁሉ ወደ አገሩ ተመልሷልና።

በአገራችንም ደም ያለበት ሰው ወደ ገዳም እየሸሸ ይማፀን፣ ካህናትና ሽማግሌዎችም በመስቀልና በወንጌል በሁለቱ ወገን መካከል እየገቡ ደሙን ያበርዱ እንደ ነበር ይታወቃል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ ተሰብስቦ በኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥትም ወድዶ የገደለውንና ሳይወድ የገደለውን ይለያል። የጥንት አባቶች ቀኖናም እንዲሁ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ314 ዓ.ም. በዕንቆራ የተሰበሰቡት አባቶች ዐውቆ የገደለ ዕድሜውን ሁሉ በንስሐ ኖሮ በመጨረሻው ቀን ብቻ እንዲቈርብ፣ ሳያስበው የገደለ ግን ቀድሞ 7 ዓመት የነበረው ወደ 5 ዓመት እንዲቀነስለት ወሰኑ። ቅዱስ ባስልዮስ ለመጀመሪያው 20፣ ለሁለተኛው 10 ዓመት ጽፏል። ዘመኑ መለያየቱ አያስደንግጠን፤ ቀኖና መድኃኒት ነውና መጠኑን የሚያውቀው በሽተኛውን የሚያየው የንስሐ አባት ነው። ነገር ግን «ምንም የለብህም፣ ሂድ» ያለ አባት እንደሌለ እናስተውል።

ያገራችን መንግሥት በ1949 ዓ.ም. ባወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ58ኛውና በ59ኛው ቍጥር አስቦ ማድረግንና ቸልተኛነትን ለየ፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ይህንኑ በዚያው ቍጥር አኖረው። ማንም ሊከላከለው በማይችል ድንገተኛ ነገር የደረሰውንም ሕጉ አይቀጣውም። ይህ መልካም ፍርድ ነው። ይሁን እንጂ ዳኛው በነጻ ያሰናበተው ሹፌር ማታ ዓይኑን ሲከድን ያንን ሕፃን ያያል፤ የሕፃኑም እናት ቤት ለቅሶ አለ። ለዚህ ዳኛው ሥልጣን የለውም።

ወደ ሐዲስ ኪዳን ስንመጣ፣ ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 የጌታውን ፈቃድ ዐውቆ ያላደረገ አገልጋይ ብዙ፣ ሳያውቅ ያጠፋው ጥቂት እንደሚገረፍ ተናገረ። ጥቂት አለ እንጂ አይገረፍም አላለም። በመስቀልም ላይ ሳለ ለሰቃዮቹ የሚያደርጉትን ስለማያውቁ ይቅርታን ለመነላቸው። አለማወቅ ብቻውን ነጻ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ ይቅርታ መለመን ስለ ምን አስፈለገ? ቅዱስ ጴጥሮስም በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 3 ሕዝቡን ባለማወቅ እንዳደረጋችሁት ዐውቃለሁ ካላቸው በኋላ ወዲያው ንስሐ ግቡ አላቸው። ቅዱስ ጳውሎስም ቤተ ክርስቲያንን ያሳደድሁት ሳላውቅ ስለ ሆነ ምሕረት አገኘሁ ብሎ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ ጥቂት አልፎ ራሱን ከኃጢአተኞች ዋና አድርጎ ቈጥሯል። አለማወቁን የምሕረት መግቢያ አደረገው እንጂ የማምለጫ በር አላደረገውም።

እንግዲህ ያ አስቀድመን የጠቀስነው «የምናዘዘው የለኝም» ባይ፣ ከአቤሜሌክና ከገብረ መስቀል ያነሰ ሥራ ይዞ መቅረቱን ይመልከት። በኀዘን የሚቃጠለው ግን የመማፀኛው ከተማ በር ክፍት መሆኑን ይወቅ፤ በእግዚአብሔር ዘንድ አድብቶ ከገደለው ጋር አልተቈጠረም። ወደ ንስሐ አባቱ ይሂድ፤ የተሰጠውን ቀኖና ይፈጽም፤ ሽማግሌ ይዞ ወደ ሟቹ ቤት ይሂድ፤ አቅሙ በሚፈቅደው ካሣውን ይካስ። የሟቹ ወገኖችም ዕርቅ ሲጠየቁ የያሬድን እግር ያስቡ። ሳናውቀው ስለ ቀረውም ኃጢአታችን፣ ቤተ ክርስቲያን በጸሎተ ፍትሐት ዐውቀን ስለ ሠራነውም ሳናውቅ ስለ ሠራነውም ሥርየትን ትለምናለች፤ ያን ጊዜ አንገታችንን ደፍተን የምንቆመው ለምንጠረጥረው ብቻ አይደለም።

ቅዱስ ያሬድ በሰሜን በጾምና በጸሎት ኖሮ በዚያ ዐረፈ። ከአክሱም ያሰናበተው ንጉሥ ከመሐላው ወደ ኋላ እንዳላለ ስንክሳሩ ይመሰክራል። ድጓውም እስከ ዛሬ በቤተ ልሔም ይዜማል፤ የሳተም እየታረመ ይመለሳል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።