ቱፎርዲን ማን በላው?

የሲናና፣ የጎሮ፣ የጎባና የአጋርፋ ገበሬዎች፣ ዛሬ ስለ ዋግም ስለ ማዳበሪያም አይደለም የምጽፈው። አንድ ጥያቄ አለኝ። ስንዴው ውስጥ መጭ ሲበዛባችሁ ቱፎርዲ ትረጫላችሁ። አረሙ ይጠመዘዝና ይደርቃል። በቀጣዩ ወቅት እዚያው ማሳ ላይ ባቄላ ትዘራላችሁ፤ ባቄላው ደህና ይበቅላል። ቱፎርዲ ግን ባቄላ ላይ ቢረጭ ያጠፋዋል። ታዲያ መድኃኒቱ የት ሄደ?

ይህን ስጠይቅ የማገኘው መልስ ሁለት ነው፤ "ዝናብ አጠበው" ወይም "ፀሐይ አቃጠለው"። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አለባቸው። ዋናውን ሥራ የሠራው ግን ሌላ ነው፤ እሱም እስኪታወቅ ድረስ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው።

ቱፎርዲ የተገኘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ ሲሆን ለገበያ የቀረበው በ1945 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ወዲያው ጥያቄ ተነሣ፤ ይህ ነገር አፈር ውስጥ ቀርቶ የሚቀጥለውን ሰብል ይጎዳ ይሆን? በ1948 እ.ኤ.አ. ብራውንና ሚቼል የተባሉ አሜሪካውያን አፈሩን በየዓይነቱ አድርገው ሞከሩት። እርጥብ አፈር፣ ሞቅ ያለ አፈርና ፍግ የገባበት አፈር መድኃኒቱን ቶሎ አከሸፈው። በእንፋሎት ቀቅለው በውስጡ ያለውን ሕይወት የገደሉት አፈር ላይ ግን ነገሩ ዘገየ። አፈሩ ያው አፈር ነው፤ የጎደለው በውስጡ የሚኖረው ነው።

በቀጣዩ ዓመት ለንደን ውስጥ ኦደስ የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ ነገሩን አጠራው። ቱፎርዲ ያለበትን ውኃ በአፈር ውስጥ እየደጋገመ አሳለፈ። መድኃኒቱ መቅረት አለመቅረቱን በምን አወቀ መሰላችሁ? በፌጦ! አዎ፣ እኛ ለሆድ ቁርጠት ቤት የምናስቀምጠው ፌጦ። ጥቂት ቱፎርዲ እንኳ ካለ የፌጦ ሥር ማደግ ያቅተዋል። ኦደስ መጀመሪያ ላይ ለቀናት ብዙም ለውጥ አላየም። ከዚያ መድኃኒቱ በፍጥነት መጥፋት ጀመረ። እዚያው አፈር ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጨምርበት ደግሞ ምንም ሳይቆይ ጠፋ። ጀርም የሚገድል መርዝ ሲያስገባ መጥፋቱ ቆመ። በ1950 እ.ኤ.አ. ቱፎርዲን የሚበላውን ባክቴሪያ ለይቶ ማውጣቱን አሳወቀ።

ለምን ሁለተኛው ፈጠነ? እናቶች ይህን ያለ ትምህርት ያውቁታል። የቡሆ ዕቃው አዲስ ከሆነ ሊጡ ለመነሣት ይቆያል፤ እርሾ የቀረበት ዕቃ ከሆነ ግን ቶሎ ይነሣል። ቱፎርዲን መብላት የሚችሉት ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ጥቂት ናቸው። ምግብ ሲያገኙ ይባዛሉ፣ ከበሉ በኋላም ዘራቸው አፈሩ ውስጥ ይቀራል። አውስትራሊያ ውስጥ ዶንና ፔምበርተን በ1981 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ደግሞ የመብላቱ ችሎታ የተጻፈባት ትንሽ ቀለበት አለች፤ አንዱ ባክቴሪያ ለሌላው ያቀብላታል። እንግዲህ ቱፎርዲ ሞቅ ባለና እርጥበት ባለው አፈር ውስጥ በጥቂት ሳምንታት አብዛኛው የሚጠፋው በዚህ ነው።

ወደ አገራችን ልምጣ። በ1967 እ.ኤ.አ. አርሲ ላይ በስዊድን ድጋፍ ካዱ ተቋቋመ። ከ1975 እ.ኤ.አ. የመሬት አዋጅ በኋላ ደግሞ እኛ ጋ የመንግሥት እርሻዎች መጡ። ሽማግሌዎቻችሁ ያስታውሳሉ፤ ዓይን እስኪታክተው ስንዴ ብቻ። የሲናና ምርምር ማዕከል የተቋቋመው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። ትራክተሩም ጸረ-አረሙም በዚያ ዘመን ከስንዴው ጋር ለመዱ። ይህ ልማድ ለእኛ ተረፈ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በገናም በቦናም፣ ስንዴ በስንዴ ላይ።

ችግሩ ሁሉም መድኃኒት እንደ ቱፎርዲ አለመሆኑ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. ሌቪት የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ሰልፎኒልዩሪያ የሚባለውን ቤተሰብ አገኘ፤ የመጀመሪያው በ1982 ገበያ ላይ ዋለ። ለሄክታር ግራም ብቻ የሚበቃ ነው። ከዚህ ቤተሰብ አንዳንዱ ቶሎ ይጠፋል፣ አንዳንዱ ግን ከዓመት በላይ ይቆያል፤ በተለይ ኖራ በበዛበት አፈር። ምስር ደግሞ እጅግ ጥቂቱን እንኳ አይችልም። አሁን የእኛን ሁኔታ አስቡት። ደጋ ነው፣ ብርድ ነው፣ በሁለቱ ወቅቶች መካከል ያለው ጊዜም አጭር ነው። ኩበቱን እናነዳለን፣ ገለባውን ከብት ይጨርሰዋል። ባክቴሪያው ምን በልቶ ይባዛ?

አንድ ገበሬ ጠርቶኝ ያየሁትን ምስር አልረሳውም። መሃሉ ደህና ነው፤ ጫፍ ጫፉ ላይ፣ ረጪው በሚዞርበት ቦታ፣ ቢጫና ድንክ ሆኖ ቀርቷል። በሽታ መስሎት ሌላ መድኃኒት ሊገዛ ነበር። የቀደመው ወቅት የስንዴ መድኃኒት ሲዞር እየተደራረበ እጥፍ ወርዶበት ነው። በእኔ ግምት እንዲህ ያለው ጉዳት ብዙ ጊዜ "ውርጭ ነው" ተብሎ ያልፋል።

ባክቴሪያው ደግሞ ሁልጊዜ ያድነናል ማለት አይደለም። ጃፓን ውስጥ ውኃ በተኛበት የሩዝ ማሳ ላይ ቤንቲዮካርብ የሚባል ጸረ-አረም ይረጩ ነበር። አየር በሌለበት ጭቃ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ክሎሪኑን ብቻ ነጥለው የቀረውን ተዉት፤ ያ የቀረው ሩዙን ድንክ አደረገው። ፎገራ ላይ ሩዝ የሚያመርቱ ወንድሞቻችን ይህን ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል። ለእኛም፣ ውኃ የሚተኛበት ዋልካ አየር እንዲያገኝ ማጠንፈፍ አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሌላው የውኃው ነገር ነው። በላተኞቹ በብዛት ያሉት በላይኛው አፈር ውስጥ ነው፤ ወደ ታች በሄድን ቁጥር ያንሳሉ። ሻያና ቶጎና ወይብ ውስጥ ይገባሉ። ወይብ ደግሞ ሶፍ ዑመር ላይ 15 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝመው ዋሻ፣ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያልፋል። ድንጋዩ እንደ አፈር አያጣራም። ስለዚህ ወንዝ ዳር የታጠበ የመርጫ ታንክ በቀጥታ ከታች ላሉት ከብቶችና ለዚያራ ለሚመጣው ሕዝብ ይወርዳል። ታንኩን ሦስት ጊዜ አለቅልቃችሁ ውኃውን እዚያው የተረጨው ማሳ ላይ በትኑት። እዚያ የሚበላው አለ።

ከስንዴ በኋላ ምስር ወይም ባቄላ ልትዘሩ ያሰባችሁ፣ የኦደስን ሙከራ እናንተም መሥራት ትችላላችሁ። መጀመሪያ የመድኃኒቱ ወረቀት ላይ ጥራጥሬ ለመዝራት ስንት ወር መቆየት እንዳለበት አንብቡ ወይም አስነብቡ። ከዚያ ከማሳው ከአምስት ስድስት ቦታ፣ የሚዞርበትን ጫፍም ሳትረሱ፣ ከላይ አንድ ስንዝር የማይሞላ አፈር ዝገኑና ቀላቅሉ። ከማይረጭ ድንበርም ተመሳሳይ አፈር ውሰዱ። በሁለት የተበሱ ቆርቆሮዎች አድርጋችሁ በእያንዳንዱ ሃያ ፍሬ ዝሩ፤ ለቱፎርዲ ፌጦ ይበቃል፣ ለሚቆየው መድኃኒት ግን ልትዘሩ ያሰባችሁት ምስር ራሱ ይሻላል። እኩል አጠጡ። በሦስተኛው ሳምንት ነቅላችሁ ሥሩን እጠቡና አስተያዩ። የማሳው ሥር አጭርና ድንክ ከሆነ በዚህ ወቅት ገብስ ዝሩበት። ፎቶ ስትልኩልኝ ሁለቱንም ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንሡ፤ አንዱን ብቻ ከላካችሁ ምንም ልነግራችሁ አልችልም።