ቪትዝ ወይስ ያሪስ?

ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ ኖሮ መሀል ከተማ የሚሠራና ያገለገለ ትንሽ መኪና የሚፈልግ ሰው ባለ 1.0 ሊትር ቪትዝና ባለ 1.3 ሊትር ያሪስ ሊያማርጥ ይችላል። ሁለቱም ቶዮታ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የተሠሩት አካላቸው ተመሳሳይ ነው። ልዩነቱ ሞተሩ ላይ ነው። የቪትዙ ባለ ሦስት ሲሊንደር ሆኖ 71 የፈረስ ጉልበት አለው፤ የያሪሱ ባለ አራት ሲሊንደር ሲሆን ጉልበቱ 87 ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጠው የአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ሁለቱም ከጉልበታቸው አንድ አምስተኛ ያህል ያጣሉ። ያሪስ እዚህ የሚቀረው ቪትዝ ባሕር ወለል ላይ ያለውን ያህል ነው ማለት ነው። ብቻውን ለሚነዳ ነዳጅ ቆጣቢው ቪትዝ ይበቃል፤ ቤተሰብ ጭኖ ዳገት ለሚወጣ ያሪስ ይሻላል። ቪትዝ ለጃፓን ገበያ በቀኝ መሪ የተሠራ በመሆኑ፣ ገዢው ከመክፈሉ በፊት መሪው በአግባቡ መዛወሩን በመካኒክ ያስመርምር።