ወላጅና አሳዳጊ፤ በባሌ ምድር የጉዲፈቻ ታሪክ

በታሪክ መጻሕፍታችን ውስጥ ያልወለደች ሴት ስሟ የሚነሣው አልጋ ወራሽ ሳታስገኝ ስትቀር ብቻ ነው። እቴጌ ጣይቱ ብጡል በ1875 ዓ.ም. ምኒልክን አግብተው ልጅ ሳይወልዱላቸው ቀሩ፤ ይህም ነገር በመንግሥት ወራሽነት ክርክር ውስጥ እጃቸውን አደከመው እየተባለ ብዙ ተጽፎበታል። ተራዋ ገበሬ ሴት ግን «መካን» ተብላ በአንድ ቃል ትታለፋለች። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው በባሌ ደጋና ቆላ የኖረው የኦሮሞ ሕዝብ ለዚህች ሴት ሌላ ቃልና ሌላ ሥርዓት እንደ ነበረው፤ ሥርዓቱም የመካኖች መጽናኛ ብቻ ሳይሆን የኅብረተሰቡ አቋም አንድ ምሰሶ እንደ ነበረ ነው።

በመጀመሪያ ቃሉን እንመልከት። «ጉዲሱ» ማለት በኦሮምኛ ማሳደግ ሲሆን «ጉዲፈቹ» ለራስ ማሳደግ ማለት ነው። «ጉዲፈቻ» የሚለው ስም የወጣው ከዚህ ነው። እንግዲህ ቃሉ ስለ ደም ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ ሥራ ነው። ሚስትም በዚሁ ቋንቋ «ሃዸ መና»፣ ማለት የቤት እናት፣ ትባላለች። ይህን ስም የምታገኘው በጋብቻ እንጂ በወሊድ አይደለም።

ሥርዓቱ ከምን እንደ ተነሣ ለመረዳት ወደ ገዳ መመለስ ያስፈልጋል። ዛሬ ብድሬ ከተማ ዋና ከተማው የሆነው የመደ ወላቡ ወረዳ በኦሮሞ ትውፊት የገዳ ጥንታዊ ማዕከል ነው። የጋሞው መነኩሴ አባ ባሕርይ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1593 በግዕዝ በጻፉት ታሪክ ውስጥ፣ መልባ የተባለው ገዳ ባሌን እንደ ወጋ ይነግሩናል፤ ይህም ዘመን ከ1522 እስከ 1530 (በአውሮፓ አቆጣጠር) እንደ ሆነ ሊቃውንት ያሰላሉ። እኒሁ ጸሐፊ ሌላም ነገር ይነግሩናል። ሉባዎቹ ከመገረዛቸው በፊት የወለዱትን ልጅ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ አያሳድጉም፤ ከተገረዙ በኋላ ወንዶቹን፣ ሁለት ሦስት ዓመት ቆይተው ደግሞ ሴቶቹን ያሳድጋሉ።

አባ ባሕርይ አገራቸው የተዘረፈባቸው ሰው ስለ ሆኑ ቃላቸውን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። ሆኖም በዚህ ረገድ ከኋላ ዘመን ጥናት ድጋፍ ያገኛሉ። አስመሮም ለገሰ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ስለ ቦረና ገዳ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ አንድ የገዳ ትውልድ የተወሰነለት ዕድሜ ሳይደርስ ልጅ ማሳደግ የተከለከለ እንደ ነበረ በሰፊው አስረድተዋል። ከዚህ የምንረዳው ልጅ አልባነት በዚያ ዘመን የማኅፀን ጉዳይ ብቻ እንዳልነበረ ነው፤ ጤናማ ባልና ሚስትም በሕግ ልጅ አልባ ሆነው ብዙ ዓመት ይቆዩ ነበር። እንግዲህ በአንድ በኩል ሊያድግ ያልተፈቀደለት ሕፃን አለ፤ በሌላ በኩል አሳድጎ የማይጠግብ ቤት አለ። ጉዲፈቻን ከመካንነት ጋር ብቻ አያይዞ መመልከት ስሕተት ነው የምንለው ስለዚህ ነው። ሥርዓቱ በሕጉ ጥብቅነትና በሰው ርኅራኄ መካከል ቆሞ ሁለቱን የሚያስታርቅ ነበር። ሕዝቡ በስፋት በተንቀሳቀሰበት በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመትም ጉዲፈቻ፣ ጎሣን በጅምላ ከሚያስገባው ከ«ሞጋሳ» ጋር ሆኖ፣ ባዕዱን ወገን አድርጓል።

በልማዱ መሠረት ሕፃኑ በዘመድና በሽማግሌ ፊት ይሰጣል፤ ያሳዳጊውን አባት ስም ይይዛል፤ ከብትና መሬትም ይወርሳል። በኋላ የሆድ ልጅ ቢወለድ እንኳ ቀድሞ የገባው ልጅነቱ አይፋቅም።

ይህን ስንል ያልወለደች ሴት ኑሮ የተደላደለ ነበር ማለታችን አይደለም። የአርሲ ሴት በሠርጓ ቀን ከእናቷ «ሲንቄ» የተባለውን በትር ትቀበላለች፤ ይህም የሚስትነት ክብሯ ምልክት ነው። ነገር ግን ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው በኅብረት የሚወጡበት አንዱ ዋና ምክንያት አራስ ሴት በባልዋ ስትደፈር ነው፤ በ«አቴቴ» ጸሎታቸውም ከሚለምኑት አንዱ ወሊድ ነው። በምሥራቅ ባሌ በድሬ ሼክ ሁሴን ተሳላሚዎች ስለት ከሚያቀርቡባቸው ጉዳዮች አንዱ ልጅ ማግኘት ነው። ባልም ልጅ ፍለጋ ሁለተኛ ሚስት ማግባቱ የተለመደ ነበር። ስለዚህ ጉዲፈቻ ኀዘኑን አልሻረውም፤ የሻረው ኀዘኑ የመጨረሻ ቃል ይሁን የሚለውን ፍርድ ነው።

በኋላ ሥርዓቱ ከሁለት ሕጎች ጋር ተገናኘ። የመጀመሪያው በባሌ ሥር የሰደደው የእስልምና ሕግ ነው። ይህ ሕግ የሙት ልጅን ማሳደግ እጅግ ያመሰግናል፤ ነገር ግን ልጁ በወለደው አባት ስም እንዲጠራ ያዝዛል፤ በውርስም ከሆድ ልጅ ጋር አያስተካክለውም። አሳዳጊው በሕይወቱ ሳለ በስጦታ ወይም ከንብረቱ እስከ ሲሶ በሚደርስ ኑዛዜ ሊያደርግለት ይችላል። ያጠባችው ሴት ግን የጡት እናቱ ትሆናለች፤ ልጆችዋም ከእርሱ ጋር አይጋቡም።

ሁለተኛው የመንግሥት ሕግ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የማደጎን ልጅነት በአንቀጽ ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ «ጉዲፈቻ» የሚለውን የኦሮሞ ቃል የሕግ ቃል አድርጎ፣ የጉዲፈቻ ልጅ ለአሳዳጊው እንደ ልጅ እንዲቈጠርና ከወላጆቹም ዝምድናው እንዳይቋረጥ አዘዘ። በ2010 ዓ.ም. በወጣው የማሻሻያ አዋጅ ልጆችን በጉዲፈቻ ለውጭ አገር ሰዎች መስጠት ቀረ።

ይኸው የ1992ቱ ሕግ ግን የጉዲፈቻ ስምምነት በፍርድ ቤት ካልጸደቀ አይጸናም ይላል። ይህ ሕፃኑን ከሚሸጡትና ከሚበድሉት የሚጠብቅ መልካም ጥበቃ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን የጥንቱ ጉዲፈቻ ምስክሮች ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ነበሩ፤ ወረቀት አልነበረም። በእነርሱ ፊት ልጅ የሆነ ሰው አሳዳጊዎቹ ሲሞቱ ወደ ዳኛ ቢቀርብ፣ መንደሩ ሁሉ ልጅ ሲለው ሕጉ ባዕድ ሊለው ይችላል። ያሳደገችውም ሴት ከሞተች በኋላ እንደገና ልጅ አልባ ትሆናለች። ሕግ አውጪው ከባሌና ከሌላው የኦሮሞ አገር ቃሉን ተውሷል፤ በእኛ አስተያየት የሽማግሌዎቹን ምስክርነትም ከቃሉ ጋር ቢቀበል ለሕፃኑም ለእናቲቱም ፍትሕ ይሆናል።